ጌሙ የሚለቀቅበትን ቀን ማን ይወስናል?

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ ሦስት ጓደኛሞች ነን። የተማርነው ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይተን ሁለት ዓመት ሙሉ የሞባይል ጌም ስንሠራ ቆይተናል። በቅርቡ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቋምን። አሁን አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ‹አሳታሚያችሁ ልሁን፣ ከማኅበራችሁም 60 በመቶውን ልግዛ› አለን። ግማሹን ገንዘብ አሁን ይከፍላል። ቀሪውን ግማሽ ደግሞ ጌሙ ከፊርማው ቀን ጀምሮ በ18 ወር ውስጥ የተወሰነ የተጣራ ትርፍ ካስገኘ በቦነስ መልክ ይሰጠናል። እኛ ሥራ አስኪያጅና የስቱዲዮ ኃላፊዎች ሆነን እንቀጥላለን። ግን የሰብናውቲካ ጌም ሠሪዎችን አሳታሚያቸው አባረራቸው ሲባል ሰምተን ፈራን። አንደኛው ጓደኛችን ‹ኮዱን የጻፍነው እኛ ነን፣ ቢያባርሩንም ጌሙን ይዘን እንወጣለን፤ ደግሞ የሠራተኛ ሕግ አለ፣ ዝም ብሎ ማባረር አይቻልም› ይላል። እውነት ነው?»

አይደለም። ጓደኛችሁ የተናገራቸው ሁለቱም ነገሮች በደፈናው ሲወሰዱ ስህተት ናቸው። ይህን ቀድሜ የምናገረው በዚያ ተማምናችሁ እንዳትፈርሙ ነው።

ከኮዱ ልጀምር። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍ ሁሉ ጥበቃ አለው። መብቱ የሚገኘው ሥራው እንደተፈጠረ ነው፤ ምዝገባ ግዴታ አይደለም። እስከዚህ ጓደኛችሁ ልክ ነው። ግን ያው አዋጅ ሌላም ይላል። ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው በሥራው ላይ እያለ የፈጠረው ነገር፣ በውል ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ የአሠሪው ነው። ድርሻችሁን ሸጣችሁ፣ ከማኅበሩ ደመወዝ እየበላችሁ ከቀጠላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ የምትጽፉት እያንዳንዱ መስመር የማኅበሩ ነው። የማኅበሩ 60 በመቶ ደግሞ የእነሱ ነው። ስትባረሩ ኮዱን ገልብጣችሁ ብትወጡ ከሳሾች ሳትሆኑ ተከሳሾች ትሆናላችሁ።

ያለፉት ሁለት ዓመታት ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ማኅበሩ ገና በቅርቡ ነው የተቋቋመው። ከዚያ በፊት የሠራችሁት ኮድ፣ ሥዕልና ድምፅ የሦስታችሁ የጋራ ሥራ ነው። ለማኅበሩ በጽሑፍ ካላስተላለፋችሁት አሁንም የእናንተ ነው። ሕጉ የቅጂ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው ስለሚል፣ በቃል «የድርጅቱ ነው» መባባላችሁ ብቻውን አያስተላልፈውም። ስለዚህ የላኩላችሁን ውል እንደገና ግለጡት። ከኋላ በኩል፣ ከአባሪዎቹ መካከል፣ ሦስታችሁም የምትፈርሙበት የመብት ማስተላለፊያ ገጽ ሳይኖር አይቀርም። አንድ ገጽ ትሆናለች፣ እንደ ፎርማሊቲ ትመስላለች። ከውሉ ሁሉ ዋጋ ያላት ገጽ ግን እሷ ናት። እሷን እስካልፈረማችሁ ድረስ የመደራደር አቅም አላችሁ። ከፈረማችሁ በኋላ የሚቀራችሁ ስማችሁ በሠሪነት የመጠቀስ መብት ነው። እሱም ቀላል ነገር አይደለም፤ ግን እንጀራ አይሆንም።

ወደ ሠራተኛ ሕጉ ስንመጣ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ መሰናበትን ይከለክላል። ነገር ግን አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም። ሥራ አስኪያጅ የሥራ መሪ ነው፤ የስቱዲዮ ኃላፊም እንደ ሥልጣኑ የሥራ መሪ ሊባል ይችላል። ያ «ኃላፊ ሆናችሁ ትቀጥላላችሁ» የሚለው ደስ የሚል ቃል፣ ተራ ሠራተኛ ብትሆኑ ከምታገኙት ጥበቃ ሊያስወጣችሁ ይችላል። የሥራ መሪ ጉዳይ የሚታየው በፍትሐ ብሔር ሕጉና በራሱ ውል ነው። አብላጫውን ድርሻ የያዘ አባል ደግሞ መመሥረቻ ጽሑፉ ካልገታው በቀር ስብሰባ ጠርቶ፣ ድምፅ ቆጥሮ፣ ቃለ ጉባኤ ይዞ ሥራ አስኪያጁን ይቀይራል። አንድ ከሰዓት ይበቃዋል።

ሦስተኛ ነገር ደግሞ አለ፤ እናንተም ያላስተዋላችሁት። አሳታሚና ባለቤት አንድ አይደሉም። አሳታሚ ማለት ገንዘብ አበድሮ ወይም ቀድሞ ከፍሎ፣ አስተዋውቆ፣ ጌሙን ገበያ ላይ አውጥቶ ከሽያጩ ድርሻውን የሚወስድ ነው። ባለቤት ማለት ማን እንደሚቀጠር፣ ማን እንደሚሰናበትና ገንዘቡ የት እንደሚውል የሚወስን ነው። ይህ ድርጅት ሁለቱንም በአንድ ፊርማ እየጠየቃችሁ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ግን አሳታሚ ነው።

አሁን ወደ ሰብናውቲካ። የሰማችሁት ተቆራርጦ የደረሳችሁ ይመስለኛል። ሰብናውቲካን የሠራውን አንኖውን ወርልድስ የሚባለውን ስቱዲዮ፣ ፐብጂ የሚባለው ጌም ባለቤት የሆነው የደቡብ ኮሪያው ክራፍተን በ2021 እ.ኤ.አ. ገዛው። ቅድሚያ ክፍያው 500 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በላዩ ላይ ስቱዲዮው የተወሰነ ገቢ ካስገባ እስከ 250 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ተስማሙ። ለገቢው ዋናው ተስፋ ሰብናውቲካ 2 ነበር፤ በ2025 ገና ሳያልቅ በቅድመ ልቀት ለተጫዋቾች ሊሸጥ ታቅዶ ነበር። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ክራፍተን ሁለቱን መሥራቾች፣ ቻርሊ ክሊቭላንድንና ማክስ ማክጓየርን፣ ከሥራ አስፈጻሚው ከቴድ ጊል ጋር አሰናበተ። በቦታቸው ሌላ ሰው ሾመ። ብዙም ሳይቆይ ቅድመ ልቀቱ ወደ 2026 ተላለፈ። ሦስቱ ሰዎች በአሜሪካ ደላዌር ክስ አቀረቡ። ክሳቸው ባጭሩ፣ የስቱዲዮውን ሥራ የመምራት ሥልጣን በውል ተሰጥቶን ነበር፣ ያባረሩን ተጨማሪውን ክፍያ ለማስቀረት ነው የሚል ነው። ክራፍተን በበኩሉ መሪዎቹ ኃላፊነታቸውን ትተው ነበር፣ ጌሙም ለገበያ አልደረሰም አለ።

እዚህ ላይ ማን ተንኮለኛ ነው ብላችሁ አትከራከሩ። ጥፋቱ ከጠቡ በፊት ውሉ ሲዘጋጅ ነው የተዘራው። የወሎን እርሻ አስቡት። ባለመሬቱ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፣ አራሹ ጉልበቱንና በሬውን ያመጣል፣ ዐውድማ ላይ ይካፈላሉ። ሁለቱም ቶሎ መዝራትና ብዙ ማምረት ይፈልጋሉ፤ ጥቅማቸው አንድ ነው። አሁን ይህን ለውጡት። ባለመሬቱ «እስከ ጥር ድረስ ሃያ ኩንታል ካገባህ በሬ እጨምርልሃለሁ» ብሏል። መቼ እንደሚዘራ የሚወስነውም እሱ ነው። ከጥር በኋላ የሚታጨደው እህል ደግሞ ያለ በሬ ዕዳ የእሱው ነው። ይህ ሰው ደግ ቢሆን እንኳ፣ ዝናቡ ትንሽ ሲዛነፍ «ዘንድሮ እንቆይ» ማለት ይቀለዋል። ገደብ ያለው ቦነስ ማለት ይህ ነው። ልቀቱ ጥቂት ወራት ሲዘገይ ጌሙ አይሞትም፤ ቦነሱ ግን ይሞታል።

ለአሳታሚውም ልፍረድ። ያልበሰለ ጌም ገበያ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ሳምንት አስተያየት ለዓመታት ይከተለዋል። ሠሪዎች ቦነስ ሊያመልጠን ነው ብለው ሲቸኩሉም ይታያል። አሳታሚ «አልደረሰም» ሲል ሁልጊዜ ሊበላችሁ ነው ማለት አይደለም። ለዚህም ነው «ደርሷል» የሚለው ቃል በስሜት የሚወሰን መሆን የሌለበት።

ሁለተኛ ምሳሌ። አክቲቪዥን የሚባለው የአሜሪካ ጌም አሳታሚ በማርች 2010 እ.ኤ.አ. የራሱን ስቱዲዮ የኢንፊኒቲ ዋርድን መሪዎች፣ ጄሰን ዌስትንና ቪንስ ዛምፔላን፣ አባረረ። የሠሩት ጌም፣ ሞደርን ዋርፌር 2፣ ወጥቶ በገፍ ከተሸጠ ገና ጥቂት ወራት ነው። ሰዎቹ ያልተከፈለን ገንዘብ አለ ብለው ከሰሱ፤ አክቲቪዥንም መልሶ ከሰሰ። የታረቁት በሜይ 2012፣ ችሎቱ ሊጀመር ሲል ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው። ሰዎቹ በሞደርን ዋርፌር ስም በሚሠሩ ጌሞች ላይ የፈጠራ ሥልጣን እንዲኖራቸው በጽሑፍ ተስማምተው ነበር። ያም ሆኖ ሞደርን ዋርፌር የሚወጣበት ኮል ኦፍ ዲዩቲ የሚለው ስም አክቲቪዥን ጋር ቀረ። እነሱ ሪስፖን የሚባል አዲስ ስቱዲዮ ከፍተው ከዜሮ ጀመሩ። ተሳክቶላቸዋል፤ ግን በዓለም የታወቁና ወዲያው ሌላ ትልቅ አሳታሚ ያገኙ ሰዎች ነበሩ። ደሴ ላይ ያለ ሦስት ሰው ያንን ዕድል ተማምኖ መፈረም የለበትም።

ሦስተኛውን ምሳሌ በጣም እወደዋለሁ፤ አንድ ስቱዲዮ ከራሱ ጉዳት ሲማር ስለሚያሳይ። ባንጂ የሚባለው ስቱዲዮ በ2000 እ.ኤ.አ. ለማይክሮሶፍት ተሸጠ። በ2007 ነጻ ሲወጣ የሠራው ሄሎ የሚባለው ጌም ማይክሮሶፍት ጋር ቀረ። ቀጥሎ በ2010 ከአክቲቪዥን ጋር ሲዋዋል ራሱን አልሸጠም። አክቲቪዥንን አሳታሚ ብቻ አደረገው፤ የአዲሱን ጌም የዴስቲኒን መብት በእጁ አስቀረ። በጃንዋሪ 2019 ሲለያዩ ባንጂ ዴስቲኒን ይዞ ወጣ። ስቱዲዮው ያው ነው፣ ልዩነቱ ውሉ ላይ ነው።

አገራችን ውስጥም ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። አንድ ጊዜ ከኮምቦልቻ ሁለት ልጆች ቢሮዬ መጡ። ለሱቆች የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርተው ለአንድ ድርጅት ሸጠዋል። ቀሪው ክፍያ ከዓመቱ የተጣራ ትርፍ ላይ የሚታሰብ ነበር። ታላቁ የሒሳብ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ በጣቱ አንድ መስመር ላይ ቆመ። «የአስተዳደር ወጪ» ይላል። ድርጅቱ የራሱን ቢሮ ኪራይ፣ የራሱን መኪና ነዳጅ፣ የራሱን አማካሪ ክፍያ ሁሉ በልጆቹ ፕሮግራም ላይ ጭኖታል። ትርፉ ዜሮ ነው። ውሉን አነበብኩት፤ «የተጣራ ትርፍ» ማለት ምን እንደሆነ አንድም ቦታ አልተተረጎመም። ውሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ፊርማቸው አለ። ልጁ «ታዲያ ምንም ማድረግ አይቻልም?» ሲል ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። በሽማግሌ ጥቂት አስገኘንላቸው። የሚገባቸውን ግን አላገኙም።

የእናንተም ውል «የተጣራ ትርፍ» ነው የሚለው። ይህ ቃል ይውጣ። ቦነሱ ከጠቅላላ ገቢ ላይ ይታሰብ፤ ሊቀነስ የሚችለው የመሸጫ መደብሩ ኮሚሽንና ታክስ ብቻ ይሁን። የሽያጭ ሪፖርቱን እናንተም በራሳችሁ የመግቢያ ስም በቀጥታ ማየት አለባችሁ፤ በእነሱ ተጽፎ የሚላክ ወረቀት አይበቃም።

ምርጫችሁ ሦስት ነው። አንደኛው ምንም ድርሻ ሳትሸጡ ለዚህ አንድ ጌም ብቻ፣ ለተወሰነ ዓመት፣ የማሳተም ፈቃድ መስጠት ነው። ቀድሞ የሚከፈለው ገንዘብ ያንሳል፤ ባንጂ ያደረገው ግን ይህን የመሰለ ነው። ሁለተኛው ከግማሽ በታች ድርሻ መሸጥ ነው። ይህን ከመረጣችሁ አሁኑኑ መመሥረቻ ጽሑፉን አስተካክሉ፤ ሥራ አስኪያጅ የሚሻረው በምን ያህል ድምፅ እንደሆነ፣ ኮዱና ስሙ ያለ ሦስታችሁ ስምምነት እንደማይሸጥ ይጻፍ። ሦስተኛው የቀረበላችሁ ነው፤ 60 በመቶ።

ሦስተኛውን አንተውም ካላችሁ፣ ሦስት አንቀጽ ሳይገባ እንዳትፈርሙ። ያለ በቂ ምክንያት ካሰናበቱን ሙሉው ቦነስ ወዲያውኑ ይከፈል፤ በቂ ምክንያት የሚባሉትም አንድ በአንድ ይዘርዘሩ። ልቀቱን እነሱ ካዘገዩ የቦነሱ ቀን በዚያው ልክ ይገፋ። ጌሙ ደርሷል የሚባለው ሁለቱም ወገን አስቀድሞ የተስማማበትን ፈተና ሲያልፍ ይሁን፤ በስንት ስልክ ላይ ተሞክሮ፣ ስንት ጊዜ ሳይቆም እንደሠራ።

ቀኑን ስትቆጥሩ ያለንበትን ቦታም አትርሱ። የአዲስ አበባው ጠበቃ ውሉን ሲያረቅ 18 ወር ማለት 18 የሥራ ወር ነው ብሎ ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ከተማው ምን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። በ2015 መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተቋርጦ ስንት ሥራ እንደቆመም ታውቃላችሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከዐቅም በላይ የሆነ ምክንያትን ይቀበላል፤ ግን ጠባብ አድርጎ ነው የሚያየው፤ አስቀድሞ ሊገመት የሚችል ነገርን አያካትትም። አሁን ደግሞ «መብራትና ኢንተርኔት መቋረጡ ይገመት ነበር» ሊባል ይችላል። ስለዚህ በስሙ ይጠራ፦ ኢንተርኔት ከተወሰነ ቀን በላይ ሲቋረጥ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ መብራት ሲጠፋ ቀኑ ይራዘማል ተብሎ ይጻፍ።

የማስጠንቀቅ ግዴታም አለብኝ። የፈለገውን ያህል ጥሩ አንቀጽ ብትጽፉ ወንበራችሁን አያስመልስላችሁም ብላችሁ አስቡ። የእኛ ፍርድ ቤት ውል የጣሰን ሰው በአብዛኛው የሚያስከፍለው ካሳ ነው። «እንደ ውሉ ፈጽም» ብሎ የሚያስገድደው ጠያቂው ልዩ ጥቅም ሲኖረውና የሌላውን ሰው ነጻነት ሳይነካ መፈጸም ሲቻል ብቻ ነው። ስለዚህ ሥልጣን ሳይሆን ገንዘብ የሚያስገኝ አንቀጽ ላይ አተኩሩ። ክርክሩም ይረዝማል፤ አዲስ አበባ ይታይ ከተባለ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ መጓዝ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረት በግልግል ዳኝነት ይታይ፣ ቦታውም ደሴ ይሁን ብላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ቢያንስ መጀመሪያ ሽምግልና የሚል ይግባ። ውሉ በአማርኛም ይዘጋጅ፣ ልዩነት ሲፈጠር አማርኛው ይገዛል ይባል፣ በሁለት ምስክር ይፈረም።

ግብሩን የሒሳብ ባለሙያ ያስላላችሁ፤ ድርሻ ሽያጭ ላይ ግብር አለ፣ ማን እንደሚከፍለውም ውሉ ላይ ይጠቀስ።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው ነው። 60 በመቶውን አትሽጡ። ለዚህ ጌም ብቻ የአምስት ዓመት የማሳተም ፈቃድ እንሰጣለን፣ ከጠቅላላ ገቢው ተካፋይ እንሆናለን፣ የጌሙ ስምና ኮድ ግን የእኛ ይሆናል ብላችሁ በጽሑፍ መልሱላቸው። በእርግጥ ጌሙን ፈልገውት ከሆነ ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። «60 ካልሆነ አንፈልግም» ካሉም የፈለጉት ምን እንደሆነ ሳትፈርሙ አወቃችሁ። ገንዘቡ እንደሚያጓጓ ይገባኛል፤ ሁለት ዓመት ያለ ደመወዝ መቀመጥ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ኪራይ ስለቸገረ ብላችሁ ይህን አትፈርሙ። ኪራዩ ከሆነ ችግሩ ከፈቃዱ ላይ የቅድሚያ ክፍያ ጠይቁ።

መልሱን ከመላካችሁ በፊት ግን በዚህ ሳምንት የምትጨርሷቸው ነገሮች አሉ። ሦስታችሁ እርስ በርሳችሁ ተፈራረሙ፤ ከመካከላችሁ አንዱ ለብቻው ድርሻውን እንዳይሸጥ። የጌሙን ስም በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክቱ፤ ስም እንደ ኮድ አይደለም፣ ጥበቃው የሚመጣው በምዝገባ ነው። ኮዱን ቀን በሚያሳይ መልኩ ቅጂ አስቀምጡ። የጎግል ፕሌይ አካውንቱ በማን ኢሜይል እንደተከፈተ፣ የይለፍ ኮዱ በየትኛው ስልክ ቁጥር እንደሚመጣ ዛሬ ማታ ተያዩ። ያ ሲም ካርድ በአንዳችሁ ስም የተመዘገበ ካልሆነ፣ በጓደኛ ወይም በዘመድ ስም ከሆነ፣ ነገ ጠዋት ሄዳችሁ አስተካክሉት።